ላልተሰጠኝ የማጠናከሪያ ትምህርትና የምክር አገልግሎት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ላልተሰጠ አገልግሎት የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝና ፎቶዬ ከማስታወቂያችሁ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

እኔ በአንድ የግል ኮሌጅ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የትምህርት ክፍል ትምህርቴን ያጠናቀቅሁና ከየካቲት እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ለመውጫ ፈተና ዝግጅት በማዕከላችሁ ተመዝግቤ የነበርኩ ተማሪ ነኝ። ፈተናውን ወስጄ 61 በማምጣት አልፌአለሁ። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው ደብዳቤዬ ፈተና የወደቀች ተማሪ ንዴት ተደርጎ እንዳይታይብኝ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ውጤቱ በታወቀ በሳምንቱ ፎቶዬን ከነውጤቴ «የማዕከላችን ፍሬ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይና በቅርንጫፉ በር ላይ በተሰቀለው ባነር ማየቴ ነው። ፎቶው ስመዘገብ ለመታወቂያ ተብሎ የሰጠሁት ጉርድ ፎቶ ሲሆን፣ ለማስታወቂያ እንዲውል የጠየቀኝም ሆነ ፈቃዴን ያገኘ ሰው የለም።

ወደ እናንተ የመጣሁበት ምክንያት ግልጽ ነበር። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች መሰጠት ሲጀምር፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት መካከል ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ከዚያ በታች ያመጣ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮም ዲግሪውን አይቀበልም። ኮሌጄ አማካሪ መምህር መድቦልኝ የነበረ ቢሆንም ከእሳቸው ያገኘሁት እርዳታ በየሴሚስተሩ በምዝገባ ቅጽ ላይ ከሚያኖሩት ፊርማ አልፎ አያውቅም፤ ስለዚህ ጉዳይ ለኮሌጁ ለብቻው ጽፌአለሁ። እናንተ ደግሞ በራሪ ወረቀታችሁ ላይ «የግል አማካሪ ለእያንዳንዱ ተማሪ» ብላችሁ ስለነበር፣ እናቴ ከዕቁብ ከደረሳት ገንዘብ 6,500 ብር አንስታ በአንድ ጊዜ ከፈለችልኝ።

በተፈራረምነው የምዝገባ ቅጽ ላይ የሰፈረው ከ15 ለማይበልጡ ተማሪዎች የሚሰጥ 40 ክፍለ ጊዜ፣ ሦስት የግል የምክር ቀጠሮና በኮምፒውተር የሚሰጥ ሦስት የሞዴል ፈተና ነው። በደብተሬ ላይ ቀን በቀን እንደመዘገብኩት የተሰጠው ክፍለ ጊዜ 23 ብቻ ሲሆን፣ በአዳራሹ ውስጥ ከ60 የማያንስ ሰው ስለነበር ዘግይቶ የመጣ በመስኮት ደፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። የሞዴል ፈተናው በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ሆኖ ቀርቷል። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ መሆኑ እየታወቀ፣ በማዕከሉ አንድም ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ የምክር አገልግሎቱ ነው። ከሦስቱ ቀጠሮዎች የተፈጸመው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም በመተላለፊያው ላይ፣ በቁም፣ አማካሪው ስልካቸውን ሁለት ጊዜ እያነሱ የተደረገ ነበር። የውጤት ግልባጬን ተቀብለው ሲያገላብጡ ከቆዩ በኋላ «ማርኬቲንግ ላይ ደህና ነሽ» አሉኝ፤ የአካውንቲንግ ተማሪ መሆኔን ስነግራቸው ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና «እንግዲያው ኦዲቲንግን ተይው፤ ሰፊ ነው፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄ ሸምድጂ» ብለው ወደ ቢሮአቸው ገቡ። በግልባጩ ላይ ኦዲቲንግ ኤ፣ ኮስት አካውንቲንግ ሲ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱን አንብቦ የሚመክር ሰው ጠንካራ የሆንኩበትን ተይው ባላለኝ ነበር። ኦዲቲንግ ደግሞ ከፈተናው ይዘቶች አንዱ መሆኑ የፈተናውን ይዘት በሚዘረዝረው ሰነድ፣ በብሉፕሪንቱ ላይ፣ የተገለጸ ነው።

ያደላችሁን ሃንዳውትም እንዲሁ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። በደመወዝ ግብር ምዕራፉ ላይ ከግብር ነፃ የሆነው የመጀመሪያው 150 ብር እንደሆነ ተደርጎ የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ግብር 1,437.50 ብር ተብሎ ተሠርቷል። ይህ የአዋጅ ቁጥር 286/1994 ስሌት ነው። በምንፈተንበት ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲሆን፣ በእሱ መሠረት ነፃው መጠን 600 ብር፣ የሠራተኛውም ግብር 935 ብር ነበር። ስለ ዕቃ ክምችት በሚያትተው ክፍል ደግሞ ሊፎ (መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ አድርጎ የሚያሰላው ዘዴ) ከተፈቀዱት ዘዴዎች አንዱ ተደርጎ ቀርቧል፤ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 በተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ግን ሊፎ አይፈቀድም። ስህተቱን ለቅርንጫፉ አስተባባሪ ሳሳይ «ከፍላችሁ ነው እንጂ ሌላው ይህንንም አላገኘም» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። አሁን ደግሞ በያዝነው ክረምት በጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነፃው መጠን 2,000 ብር ስለሆነ፣ ያው ሃንዳውት ሳይታረም ለመጪዎቹ ተመዝጋቢዎች ቢታደል በሁለት አዋጅ ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል።

ለእውነት ሲባል መናገር ያለብኝ፣ ኮስት አካውንቲንግ ያስተማሩን መምህር ከተከፈላቸው በላይ የሠሩ ሰው እንደነበሩ ነው። በሂደት ላይ ያለን ምርት ወደ ተመጣጣኝ ሙሉ ምርት የመቀየርን ስሌት ምድጃ ውስጥ ባለ ግማሽ የበሰለ ዳቦ አስመስለው ሲያስረዱን፣ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያልገባኝ ነገር በአንድ ከሰዓት ገብቶኛል። ነገር ግን ከአምስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ አላየናቸውም፤ ለምን እንደቀሩም የነገረን የለም።

ቀሪውን ዝግጅት ያደረግሁት ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ብሉፕሪንቱን ለአራት ተካፍለን፣ እያንዳንዳችን የያዝነውን ለሌሎቹ እያስተማርን፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሰዓት እየተፈታተንን አሥር ሳምንት ቆይተናል። ከሦስቱ ጓደኞቼ መካከል አንዳቸውም የማዕከላችሁ ተማሪ አልነበሩም፤ ሦስቱም አልፈዋል። ስለዚህ ውጤቴን የራሳችሁ ፍሬ አድርጋችሁ ሌሎች ወላጆች በእሱ ተማምነው እንዲከፍሉ ማድረጋችሁን ልቀበለው አልችልም።

በመሆኑም የሚከተሉት እንዲፈጸሙልኝ እጠይቃለሁ። ፎቶዬና ስሜ ደብዳቤው በደረሳችሁ በሦስት ቀን ውስጥ ከቻናሉም ከባነሩም ይነሳ። ላልተሰጡት 17 ክፍለ ጊዜዎች፣ አንዱ በ162.50 ብር ታስቦ፣ 2,762.50 ብር ለእናቴ ይመለስ፤ ለምክር ቀጠሮውና ለሞዴል ፈተናው በቅጹ ላይ የተለየ ዋጋ ስላልተቀመጠ በግምት ገንዘብ አልጠይቅም። ሆኖም በሚቀጥለው ዙር «የግል አማካሪ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያችሁ እንድታወጡ፣ ካልሆነም አማካሪው ስንት ተማሪ እንደሚይዝና ቀጠሮው ስንት ደቂቃ እንደሆነ በቅጹ ላይ እንድትጽፉ እፈልጋለሁ። ሃንዳውቱን የወሰዱ ተማሪዎችም ስህተቶቹ በጽሑፍ ሊነገሯቸው ይገባል፤ በዓመቱ አጋማሽ ድጋሚ ለመፈተን ከእሱ ላይ እያጠኑ ያሉ መኖራቸውን አውቃለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጉዳዩን በመነጋገር መጨረስን እመርጣለሁ፤ ሆኖም በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ አቤቱታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የማቀርብ መሆኔን አሳውቃለሁ። መልሱን በምዝገባ ቅጹ ላይ በሞላሁት አድራሻ መላክ ይቻላል።

ከሰላምታ ጋር
የማዕከሉ የቀድሞ ተማሪ
ፊርማ

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ፣ የምዝገባ ቅጽ ቅጂ፣ ክፍለ ጊዜ የተመዘገበበት ደብተር ገጾች ቅጂ፣ የባነሩ ፎቶ

ግልባጭ፦ ለቅርንጫፉ የትምህርት አስተባባሪ