የአባባን ጓንት አትፍቱት

እህቴ፣

ለእማዬ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ወር ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ። ማክሰኞ ለዓይኗ የላክሁት ብር ደርሶ ከሆነ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ሞራው የሚገፈፍላትን ቀንም አሳውቂኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከልጄ ጋር ቤዝቦል ስታዲየም የተነሳነውን ፎቶ አይተሽ «ለሰርጌ ትኬት መቁረጫ የለህም፣ ለስታዲየም ግን አለህ» ያልሽኝን ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አመመኝ። የተቀመጥንበት ወንበር ከሁሉም ርካሹ ነው፣ ከላይ ጥጉ ላይ። ልጁ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻውን ነው የሚውለው። አንድ ቀን እረፍት አገኘሁና ይዤው ወጣሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ደግሞ አንቺ ከማንም በላይ ይገባሻል ብዬ ነበር። ቤዝቦልን እኔ አሜሪካ መጥቼ አይደለም የወደድኩት። ደሴ ነው፣ ክረምት ላይ፣ ጓሯችን ጭቃ ውስጥ። አባባ አሥመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያ፣ ወጥ ቤት ሲሠሩ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ጓንት ትዝ ይልሻል? መዳፉ የተላጠው፣ አውራ ጣቱ በጫማ ሰፊ ክር የተጠገነው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ከሳጥን ያወጡትና ቅቤ ይቀቡታል፤ እማዬ «ሰው የሚበላው ጠፍቶ!» ብላ ትጮሃለች። ኳሳችን የካልሲ ነበር፣ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። መምቻችን የመጥረጊያ እንጨት። አባባ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው «በሁለት እጅ ቅለቡ! በሁለት እጅ!» ይላሉ። መስከረም ሲጠባ ኳሱን ጓንቱ ውስጥ ከተው፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ በሲባጎ ጠፍረው፣ ወደ ሳጥኑ።

ጓንቱ የሚጠለቀው ግራ እጅ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ የምትወረውሪው በግራሽ ነው። ስለዚህ በባዶ እጅሽ ትቀልቢ ነበር፣ መዳፍሽ ቲማቲም እስኪመስል። አንድም ቀን ስታለቅሺ አላየሁም። እማዬ በግራሽ ስትበዪ ትቆጣሽ የለም? እዚህ ግራኝ ወርዋሪ በመብራት ነው የሚፈለገው። ይሄን ሁልጊዜ ልነግርሽ አስብና እረሳዋለሁ።

እዚህ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ሥራ ሳገኝ ከኔ ጋር የነበረው አንድ ሬዲዮ ነው። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ ቀን እየዘለለ ሳይሆን በየቀኑ ማለት ይቻላል። ማንም ሳይደውልልኝ በሚያድርበት ሌሊት እንኳ የሆነ ሰው ያወራ ነበር። ቀስ እያለ ነው የሚያወራው። እንግሊዝኛዬም ከዚያ ነው የመጣው።

አባባ ያረፉበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2019፣ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ወረቀቴ አላለቀም ነበር፣ ብወጣ መመለሻ የለኝም። ይሄን መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ መቶ ጊዜም አላመንሽኝም። በዚያ ዓመት የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ሲሸነፍ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠ። ጥቅምት ላይ ግን ለዋንጫው የመጨረሻ፣ ሰባተኛ ጨዋታ ሂዩስተን ደረሱ። እስከ ሰባተኛው ዙር 2 ለ 0 እየተመሩ ነበር። ከዚያ የናሽናልሱ ሀዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ያለውን የመስመር ምሰሶ ገጭታ ወጣች፤ መሪነቱን ያዙ። 6 ለ 2 አለቀ። ያሸነፈው ወርዋሪ ፓትሪክ ኮርቢን ግራኝ ነው። ውጭ ሰው ክላክስ እየነፋ ሲጨፍር እኔ ፓርኪንጉ ሥር ብቻዬን ለአባባ አለቀስኩ። ለቅሶዬን ያን ሌሊት ነው የተቀመጥኩት፣ እህቴ።

ሙሽራሽን በስልክ ሳናግረው ረጋ ያለ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ወድጄዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን በአባባ ወንበር ማን ተቀመጠ? አጎታችን ከሆነ ጥሩ ነው። እኔ መሆን ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ለጥር እመጣለሁ ብዬ አልምልልሽም። ሰዓት ትንሽ ቀንሰውብናል፣ ግን የሚያሳስብ አይደለም፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ። የቀሚስሽን የኔ ነው ብያለሁ፣ ቃሌን አልበላም። ጥለቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ፎቶ ላኪልኝ።

ልጁ አሁን ሰፈር ውስጥ ይጫወታል። ባለፈው ቅዳሜ አሠልጣኙ «በሁለት እጅ!» ብሎ ሲጮህበት፣ በእንግሊዝኛ ነው ያለው፣ እኔ የሰማሁት ግን አባባን ነው። ስለ ጓንቱ ስነግረው ካላየሁት አለኝ። ሰው ሲመጣ ላኩልኝ ልልሽ ነበር፣ ግን ተውት። ሲባጎውን አባባ እንዳሰሩት ይቆይ። መጥቼ እኔው ልፍታው።

የእማዬን የዓይን ጠብታ በሰዓቱ ስጫት። እሺ አትልሽም፣ ግን ለምኛት።

ወንድምሽ