ለልጄ፦ ጤና አዳሙን ውሃ አታብዢበት

የኔ እናት፣ እንደምነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱ ይነዘንዘዋል፤ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው "ነገ" ይላል፣ ያው ታውቂዋለሽ።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ማታ በመብራት ስላነሳሽው ሁሉም ነገር ቢጫ መስሏል፣ ግን ጤና አዳሙ አልሞተም፣ እንዳትጥይው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ ጠማው ብለሽ በየቀኑ ታጠጪዋለሽ አይደል? የጎዳው እሱ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ መምጠጥ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል፣ አንቺም ስታይው እንደገና ትጨምሪለታለሽ።

አሁን ዕቃውን ዘንበል አድርገሽ ተክሉን ከነአፈሩ አውጪና ሥሩን እይው። ነጣ ብሎ ጠንከር ያለው ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚላሽቅ፣ ሸተት የሚል ካለ በንጹህ መቀስ ቁረጪው፣ አትሳሺለት። ጓንት ማድረግ አትርሺ፤ የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ ከታች ቀዳዳ ባለው አነስ ባለ ዕቃ መልሰሽ ትከይው። ሥሩ ካነሰ ዕቃውም ማነስ አለበት፣ ትልቅ ከሆነ አፈሩ ውሃ ይዞ ይቀራል። ሻካራ አሸዋ ወይም ያን ነጩን ቀላል ጠጠር፣ ፐርላይት የሚሉትን፣ ደህና አድርገሽ ቀላቅይበት፣ ጤና አዳም ውሃ የማይቋጥር መሬት ነው የሚወደው።

ማዳበሪያውን ለጊዜው አታስጠጊው። ታሞ ለተኛ ሰው ክትፎ አይቀርብለትም። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያኔ፣ እሱንም አቅጥነሽ።

ውሃ የምታጠጪበትን ቀን ካሌንደር አይነግርሽም። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቢ። ርጥብ ከሆነ ተይው። ከደረቀ በደንብ አጠጪና ሳህኑ ላይ የወረደውን ድፊው። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ግን የባሰ ነው፣ ላዩ ይርሳል ታቹ ይደርቃል፣ እነዚያ ትንንሽ ዝንቦችም የሚፈሉት ላዩ ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው።

ሌላው ብርሃን ነው። እኛ ጋ በታኅሣሥም ቢሆን የቀኑ ርዝመት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አንቺ ጋ ሚኒያፖሊስ ግን 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ እሱም ደመና ካልሆነ። ተክሎችሽን ወደ ደቡብ የሚያየው መስኮት ላይ አድርጊያቸው። ካልበቃ ኤልኢዲ መብራት ግዢና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ በቀን 12 ወይም 14 ሰዓት አብሪላቸው። ሌሊት ማጥፋት ነው፣ እነሱም ይረፉ።

ከሱፐርማርኬት የገዛሽው የፈረንጅ በሶብላ ደግሞ አንድ ተክል አይምሰልሽ። ብዙ ችግኝ አንድ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀው ነው የሚሸጡት፣ ለዚህ ነው ቤት በገባ በሳምንቱ የሚወድቀው። ሦስት አራት ቦታ ከፋፍለሽ ትከይው። ብርድ ሲነካው ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ከመስታወቱ ፈቀቅ አድርጊው። ስትቆርጪ ከቅጠል አንጓ በላይ ቁረጪ፣ ከሁለት በኩል ያቆጠቁጣል። የቆረጥሽውን ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁሚው፣ ውሃውን እየቀየርሽ፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። እዚህ ለበርበሬና ለሽሮ አበባውንም ስለምንፈልገው ዝም እንለዋለን፣ አንቺ ቅጠሉን ከፈለግሽ ግን አበባው ብቅ ሲል ቀንጥሺው።

የጥብስ ቅጠሉን በጣም ሙቅ ቦታ አታድርጊው፣ ከማሞቂያው አጠገብማ ጭራሽ።

የኮሰረት ችግኝ ላኪልኝ ያልሽው አይሆንም፣ ያለ ወረቀት የመጣ ተክል ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። ደረቁን ጠቅልዬ በሰው እልክልሻለሁ፣ ለቅቤ ማንጠሪያ ይበቃሻል።

እናትሽ