ለልጄ ለበረካ

በረካዬ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። ዶርም ውስጥ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» እያሉ እየቀለዱብሽ ስምሽን ወደ «ቤኪ» ልታሳጥሪው እንዳሰብሽ እናትሽ ነገረችኝ። ከመወሰንሽ በፊት ይህችን አንብቢልኝ።

በቡናው አትፈሪ። ሦስተኛው ስኒ እኮ የምርቃት ስኒ ነው፣ ሳይጠጣው የሚነሳ እንግዳ ካለ እናቶቻችን ይቆጣሉ። ቃሉ የዐረብኛ ነው፣ የእኛው «በረከት» የቅርብ ዘመዱ ነው። እኔ ግን ስሙን ያወጣሁልሽ ለአንዲት ሴት ብዬ ነው።

በረካ ሐበሻ ነበረች። አብዛኛው ሰው ኡሙ አይመን በሚለው ነው የሚያውቃት። መካ ውስጥ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባት የዐብደላህ አገልጋይ ነበረች። ዐብደላህ ልጃቸው ሳይወለዱ ሞቱ። ረሱል ገና 6 ዓመታቸው ሳለ ደግሞ ከመዲና ሲመለሱ እናታቸው አሚና አብዋእ በምትባል ቦታ መንገድ ላይ አረፈች። እስቲ አስቢው ልጄ፣ በረሃ መሃል አንድ ወላጅ የሌለው የቲም ሕፃንና አንዲት ከአገሯ የራቀች ሴት! አጽናንታ፣ ይዛቸው መካ ገብታ ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጦሊብ ያስረከበችው እሷ ናት። ረሱል ትዳር ሲይዙ ነፃ አወጧት። «ከእናቴ በኋላ እናቴ» ይሏት እንደነበር ይተረካል።

እኔን በጣም የሚነካኝ ሌላ ነው። የዐረብኛው ሰላምታ ሙሉውን ለማለት አፏ አልታዘዝ ብሏት ያምታታት ነበር፣ እሳቸውም «ሰላም» ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። እኛ ቀኑን ሙሉ የምንለውን!

እ.ኤ.አ በ625 በኡሁድ ጦርነት ለተዋጊዎቹ ውሃ እያዳረሰች፣ ቁስለኛ ስታክም ነበር። የመጀመሪያ ልጇ አይመን በሁነይን ጦርነት ላይ ሸሂድ ሆነ፣ ለእምነቱ ሲዋጋ ሞተ።

ነብያችን ካለፉ በኋላ ባልደረቦቻቸው አቡበክርና ዑመር ሊጠይቋት ሄዱ፣ እሳቸው ይጠይቋት ስለነበር ነው። ስታያቸው አለቀሰች። «አላህ ዘንድ ያለው ለእሳቸው ይሻላል እኮ» አሏት። እሱንማ አውቃለሁ፣ የማለቅሰው ወሕይ (የአላህ መልእክት) ከሰማይ መውረዱ ስለተቋረጠ ነው አለቻቸው። ይሄኔ ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።

ሁለተኛውን ልጇን ኡሳማን ገና አላነሳሁልሽም፤ ዕድሜው ከ20 ሳይዘል እነ ዑመር ያሉበትን ጦር እንዲመራ የተሾመው እሱ ነው። የእሱ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ለዒድ ስትመጪ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፣ ኢንሻአላህ።

አባትሽ