የቅዳሜው ውይይት በመጨረሻው የሆምስ መጽሐፍ ላይ ነው

ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ፈረንጅ አራዳ በተለመደው ቡና ቤት ተገናኝተን፣ አርተር ኮናን ዶይል በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1927 በታተመው የመጨረሻው የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች ስብስብ ላይ እንወያያለን። ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ ነግራችሁኛል፤ እኔም ከእናንተ አልለይም። ከ12ቱ ታሪኮች ሁለቱን የሚተርከው ራሱ ሆምስ ነው። መርማሪው ሐሳቡን ሁሉ በራሱ አንደበት ሲዘረግፈው፣ ከጎኑ ሆኖ እየተገረመ ታሪኩን የሚተርክልን ጓደኛው ዋትሰን ሲጠፋ፣ ምስጢሩም አብሮ ይቀዘቅዛል።

እያንዳንዳችሁ ያሰለቻችሁን አንድ ገጽ ምልክት አድርጋችሁ መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ። አንብቦ ያልጨረሰም ይምጣ፤ ብቻ መጨረሻው ተነገረብኝ ብሎ እንዳይቀየም! ከዚሁ ደራሲ ጋር እንቀጥል ወይስ ወደ ሌላ እንሻገር የሚለውን በድምፅ እንወስናለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ፤ ወንበር ማስያዝ አለብኝ።