ጉዳዩ፦ ለውሎ አበል የፈረምነው ፊርማ “ድጋፍ” ተብሎ ስለመያያዙ

ለክልላችን የወጣቶች ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ጉዳይ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በማመልከቻ፣ በመጨረሻም በቅሬታ ሰሚ በኩል አቅርቤልዎታለሁ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር አግኝቷል፤ ኅዳጉ ላይም “ለሚመለከተው ክፍል” ተብሎ ተመርቷል። የሚመለከተው ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልተመለከተውም። ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር “ስብሰባ ላይ ናቸው” ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የወጣቶችን ተሳትፎ ስለማሳደግ ሲሰበሰቡ በፌስቡክ ገጻችሁ አያለሁ። እርስዎ በአደባባይ ከሆኑ እኔም በአደባባይ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ቢሮዎ ባቋቋመው የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤት አባል ነኝ። እንዴት እንደተመረጥን አላነሣም፤ ከየወረዳው ስልክ ተደውሎ “አንድ ሴት ጨምሩ” ሲባል የተጨመርኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። የአካባቢያችንን ልጆች ጥያቄ በደብተር ጽፌ ነው የመጣሁት።

ስለ ወጣት ማዕከሉ የተጠራው መድረክ ላይ የሆነውን ላስታውስዎ፤ መክፈቻው ላይ ብቻ ስለነበሩ ሙሉውን ላያውቁት ይችላሉ። አጀንዳውን ያገኘነው ጠዋት በር ላይ፣ ከእስክሪብቶና ከታሸገ ውኃ ጋር ነው። ሰነዱ ወፍራም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ “ለሌላ መድረክ ይፈለጋል” ተብሎ ከእጃችን ተሰበሰበ። እርስዎ “ልጆቼ፣ እናንተ የነገ አገር ተረካቢዎች ናችሁ” ብለው ንግግር አደረጉ፣ ካሜራው ሲወጣ አብረው ወጡ። ከዚያ ባለሙያዎ የማዕከሉን “ገቢ የማመንጨት አቅም” የሚያሳድገውን ዕቅድ አቀረበ። አዳራሹ ለሠርግና ለስብሰባ ሊከራይ፣ አጥሩ በመንገድ በኩል ፈርሶ ሱቅ ሊሠራበት፣ ቤተ መጻሕፍቱም የዕቃ ግምጃ ቤት ሊሆን።

እጅ አወጣን። የተናገረ ሁሉ የተናገረው ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታወሰችና “ከዚህ በኋላ ማንበቢያ ቤት ይከፈታል እንጂ ይዘጋል?” አለች። ቤቷ መብራት እንኳ በወጉ የሌላት ልጅ ናት፤ የምታጠናው እዚያው ነበር። ሰብሳቢው ምን መለሰ መሰለዎት? “ሐሳባችሁ በግብዓትነት ተወስዷል፤ ምሳ ደርሷል።”

ዋናው ነገር ከዚያ በፊት፣ በሻይ ሰዓት የሆነው ነው። የውሎ አበልና የትራንስፖርት መክፈያ ሠንጠረዥ ዞረ። ስም፣ ወረዳ፣ ስልክ፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ። ሁላችንም ፈረምን። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሲፈርም ማኪያቶውን ደፋበት፤ በሶፍት ብንጠርገውም ክቡ ከስሜ በላይ ታትሞ ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ተቆለፈ። ለመጠየቅ ስንሄድ የማዕከሉ አስተዳዳሪ ተቆጣን፤ “እናንተው ፈርማችሁ እኔን ምን ትሉኛላችሁ?” ብሎ ከመሳቢያው ፎቶ ኮፒ አወጣ። ከላይ በተለጠፈው ገጽ “በዕቅዱ ላይ ተወያይተው በሙሉ ድምፅ የደገፉ የአማካሪ ምክር ቤት አባላት” ይላል። ከሥሩ ያለው የእኛው ሠንጠረዥ ነው። የገንዘቡ ዓምድ በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ ነው ኮፒ የተደረገው፤ የወረቀቱ ጠርዝ መስመር ሆኖ ይታያል። የማኪያቶው ክብ ግን አልተሸፈነም፤ ስሜ ላይ ጠቁሮ ተቀምጧል።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህ በእኛ ሰፈር ቋንቋ ማጭበርበር ይባላል። በቢሮዎ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ምን እንደተባለ ደግሞ አንብቤዋለሁ፤ “ወጣቱን በውሳኔ ሰጪነት ማሳተፍ” በሚለው ርዕስ ሥር፣ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ተብሎ።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። ሐሳባቸው እንዲጠየቅ እንጂ ፊርማቸው እንዲሰበሰብ አይልም። በ2006 እ.ኤ.አ. ባንጁል ላይ የጸደቀውን የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርም አገራችን ተቀብላ አጽድቃዋለች፤ አንቀጽ 11 ስለ ወጣቶች በውሳኔ ሰጪ አካላት መሳተፍ የሚለውን በየመድረኩ የሚጠቅሱልን እናንተው ናችሁ። የሚሰቀለው ባነር ላይም አለ።

“የነገ ተረካቢ” የምትለዋ ነገርም ትቆጨኛለች። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። እኔ 27 ዓመቴ ነው፤ በፖሊሲያችሁ መሠረት ወጣትነቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፣ ነገ ግን ገና አልመጣም። በዚህ አገር ሕግ በ18 ዓመት መምረጥ፣ በ21 ዓመት መመረጥ ይቻላል። የ21 ዓመት ሰው ተመርጦ ምክር ቤት ቢገባ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል። እኛ ግን የአንድ ማንበቢያ ክፍል ዕጣ ፈንታ ላይ ሐሳብ ስንሰጥ “ልጆቼ” ተብለን ወደ ምሳ እንሸኛለን።

ሲያትል የሚኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ያለበት የአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው ልጆች አባል የሚሆኑበት የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤት በሕግ አቋቁሟል፤ ልጆቹ በማመልከቻ ተወዳድረው ይገባሉ፣ የሕግ ረቂቅ ላይ በሕግ አውጪዎቹ ፊት ቀርበው ሐሳብ ይሰጣሉ። እነሱ ዘንድ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ለማለት አይደለም። ግን የ15 ዓመት ልጅ የተናገረው በስሙ ይመዘገባል። የእኛ ቃለ ጉባኤ የት እንዳለ ስጠይቅ አንድ ሠራተኛችሁ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና “ተይው እህቴ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ሥራ ፈላጊ ነሽ እኮ” አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፤ የት እንደሚሠራ ያውቃል።

አንድ ነገር ላክል። በ2009 መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ያወጣው ወጣቱ ጎዳና ወጥቶ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነበር። ያኔ “ለምን በሰላም ጥያቄያችሁን አታቀርቡም?” ይባል ነበር። ይኸው በሰላም አቀረብን። በበሩ ገባን፣ ተፈተሽን፣ ባጅ አንጠለጠልን፣ እጅ አውጥተን ተራ ጠበቅን። ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ መንገድ ካለ ይንገሩን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያ የፊርማ ገጽ ከዕቅዱ ሰነድ ይውጣ፣ “በሙሉ ድምፅ ደገፉ” የሚለውም ከሪፖርቱ ይሰረዝና መሰረዙ በጽሑፍ ይገለጽልን። ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈት። ወደፊት ደግሞ ሰነዱ ቀደም ብሎ ይድረሰን፣ ቃለ ጉባኤውን እኛ አንብበን እንፈርምበት፣ የአበሉ ሠንጠረዥ በየገጹ “የአበል መክፈያ” የሚል ይታተምበት። የመጨረሻው ወጪ የለውም፤ ለቀለም ብቻ ነው።

የሚቀጥለው መድረክ ጥሪ በቴሌግራም ደርሶኛል፤ ርዕሱ “በወጣቶች ተሳትፎ የተመዘገቡ ስኬቶች” ይላል። እመጣለሁ። አበል ስለማልወስድ ሠንጠረዡ ላይ አልፈርምም። ለመናገር ግን እጄን አወጣለሁ፤ ማይክ የሚያዞረው ልጅ እንዳይዘለኝ ከአሁኑ ይንገሩልኝ።

ከአማካሪ ምክር ቤቱ አባላት አንዷ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ምክር ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ
ለማዕከሉ አስተዳዳሪ (ፎቶ ኮፒውን እንዳይጥለው)