ይህ ስብ የምን ስብ ነው?

ደሴ፣ ፒያሳ

እንዴት ነሽ እህቴ? ልጆችሽስ? እማማ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። አንቺም ጠፍተሻል። ተቻችለን እንለፈው። ስለዚያ ነገር ደግሞ በደብዳቤ አላወራም፤ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

የጻፍኩልሽ ኬሚስትሪሽን ፈልጌ ነው። ሳቂ፣ ሳቂ! ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ስረብሽሽ የኖርኩት ሴትዮ ዛሬ ሱቄ ውስጥ የክሬም ጀርባ በስልክ መብራት አነባለሁ።

ሐጅያን ታውቂያቸዋለሽ፤ ቡና ሲያፈሉ ሰፈሩን ሁሉ የሚጠሩትን። በዚህ በጦሳ ተራራ ብርድ እጃቸው ተሰነጣጥቆ ክሬም ሊገዙ መጡ። ጥሩ ነው የምለውን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና "ልጄ፣ ይህ ስብ የምን ስብ ነው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "የአትክልት ነው" ብላቸው ወዲያው ይገዙኝ ነበር። ግን እሳቸውን? ወላሂ አልቻልኩም። ክሬሙን ወደ መደርደሪያው መለስኩና ቫዝሊን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ከእንስሳ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ውሃም የለበትም። ቆዳው ላይ ተነጥፎ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ይይዛል። ደሴ ላይ፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ሰው ይወደዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በዚያ ሙቀት ማን ይጨማለቃል? የኮምቦልቻ ደንበኞቼ የሚፈልጉት ቀለል ያለ ሎሽን ነው። ቀለል ያለ ማለት ውሃ የበዛበት ነው። ውሃ ከገባ ደግሞ ከዘይቱ ጋር የሚያስታርቀው ሽማግሌ ያስፈልጋል። ኢመልሲፋየር የሚባለው እሱ ነው፤ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት። ድንበሩ ላይ ቆሞ የዘይቱን ጠብታዎች ተሰባስበው እንዳይንሳፈፉ ያደርጋል። ለካ ወተትም እንዲሁ ነው፤ ስቡ በውሃ ውስጥ ተበትኖ ያለ። ሲናጥ ይገለበጥና ቅቤው ውስጥ ውሃው በስቡ መሃል ይቀራል። እማማ አናታችን ላይ ሲያደርጉልን የነበረው ኢመልሽን፣ የውሃና የዘይት ድብልቅ፣ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? አንቺማ ታውቂያለሽ፤ ለእኔ ነው አዲስ የሆነው።

ኢሞሊየንት የሚሉት ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። የላይኛው ቆዳችን ሴሎች መሃል የተፈጥሮ ስብ አለ። ብርድ፣ ሳሙናና ዕቃ ማጠብ ሲያነሱት ቆዳው ይሻክራል። ኢሞሊየንቱ ክፍተቱን ይሞላና ያለሰልሰዋል። ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ሺአ ቅቤ፣ ላኖሊን፣ የአትክልት ዘይቶች። ላኖሊን ከበግ ፀጉር እጣቢ እንደሚወጣ ሳነብ ሐጅያ ትዝ አሉኝ። በጉ ተሸልቶ ይሄዳል፣ ማንም አላረደው። ለአንዳንድ ሰው አለርጂ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

ራስ ምታቴ የጀመረው ሁለቱንም ሥራ ከሚሠሩት ላይ ነው። ግሊሰሪል ስቲያሬትን ውሰጂ። ያለሰልሳልም፣ ያዋህዳልም። የሚሠራው ከግሊሰሪንና ከስቲያሪክ አሲድ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከፓልም ዘይትም፣ ከበሬ ሞራም፣ ከአሳማ ስብም ሊመጡ ይችላሉ። ጀርባው ላይ የሚጻፈው ስም ግን በሁሉም አንድ ነው! ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ስለተሳለ ከቅጠል መጣ ማለት አይደለም። ደግሞስ እኛ ብንሆን አሳማ እንነካለን እንዴ? የበሬም ቢሆን ማን አረደው? ወሎ ተወልዶ ይህን የማይጠይቅ አለ?

ባለፈው አንዲት ተማሪ ደግሞ "አልኮል አለበት" ብላ ሎሽን መለሰችልኝ። ያየችው ሴቲሪል አልኮል የሚለውን ነው። እሱ እንኳ እንደ ሰም ጠጣር የሆነ የስብ ዘር ነው፤ አያሰክርም፣ ቆዳም አያደርቅም። ክሬሙን የሚያወፍረውም እሱ ነው። አስረዳኋት። አንገቷን ነቀነቀች፣ ግን አልገዛችም። ምን አደርጋለሁ?

እና የምፈልገው ይሄውልሽ። ለአምራቾቹ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፊልኝ። ስቲያሪክ አሲዱ፣ ግሊሰሪል ስቲያሬቱና ግሊሰሪኑ ከአትክልት ነው ወይስ ከእንስሳ? ከእንስሳ ከሆነ ከየትኛው? አጭርና ጨዋ አድርጊው። የኔ እንግሊዝኛ ያስቅብኛል፣ ያንቺ ያስፈራቸዋል። የሦስቱን ክሬሞች ጀርባ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ሐላል የሚል ማረጋገጫ ያለበት አዲስ አበባ ላይ ካየሽም ዋጋውን ንገሪኝ።

ሌላም ነገር አለ... ልበለው ወይስ ልተወው? በቃ ልበለው። የራሴን ልሠራ ነው። ክሬም አይደለም፣ አትደንግጪ። ውሃ የገባበት ነገር መጠበቂያ ካልተጨመረበት ባክቴሪያና ሻጋታ ያፈራል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። የንብ ሰምና የሰሊጥ ዘይት ብቻ፣ አቅልጦ በትንሽ ቆርቆሮ መገልበጥ ነው። ውሃ ስለሌለው አስታራቂም አያሻውም። ጋለን የተባለው የጥንት ሐኪም በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሰምና የወይራ ዘይት ከጽጌረዳ ውሃ ጋር ያዋህድ ነበር አሉ። ያ ውሃው ቶሎ ይለይበታል፤ እኔ ውሃውን ትቼዋለሁ። ሰም ደግሞ እዚህ ሞልቷል፣ ከጠጅ ቤቶቹ ብቻ ስንት ይገኛል! ምንጩንም ማንም አይጠይቀኝም፤ ንብ ናት።

ባለቤቴ "ሱቁ አልበቃሽም?" ይለኛል። ለእሱ ገና ሙሉውን አልነገርኩትም፣ አንቺም ስትደውዪ አፍሽን ያዢ። ሰምና ዘይቱን በምን መጠን ላድርግ? ለደሴ ብርድ ሲሆን እንዳይደርቅ፣ ለኮምቦልቻ ሙቀት ሲሆን እንዳይፈስ እፈልጋለሁ። አንድ ዓይነት ለሁለቱም ይሆናል ወይስ ሁለት ልሥራ? ሐጅያ ሐሙስ ለገበያ ስለሚወጡ ከዚያ በፊት ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።