ከዝርዝሩ የቀረችው አህያ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባት ዘገባ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ ለዓመታት ጽፌዋለሁ። ስብሰባው ይቆጠራል፣ አባላቱ ይቆጠራሉ፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር የበጀት እጥረት ይሰፍራል። ያንን በአንድ ትንፋሽ ልገላገለው፦ ጥቅምት ላይ በ31 አባላት ጀመርን፣ ሰኔ ላይ 19 ቀርተናል፤ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ተሰበሰብን፤ ንብረታችን ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ፣ የአንድ ተማሪ ስልክና ከሒሳብ ክፍል የተዋስነው ባለ ካሬ ደብተር ነበር። በጀት አልነበረንም። የቀረው ገጽ ለአንዲት አህያና ለአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይሁን።

ክበቡ ኅዳር ሳይጋመስ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ቡድን ራሱን «መኪና» ብሎ ሰየመ፤ ካሜራ መንገዱን እንዴት አይቶ ለተሽከርካሪ እንደሚነግረው ማወቅ ፈለገ። የጤናው ቡድን «አንጀት» ተባለ። ስሙን ያወጡለት መኪኖቹ ናቸው፣ ለማላገጥ። አንጀቶቹ ያሰቡት ስለ አሜባና ስለ እጅ መታጠብ ፖስተር ሠርተው ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ነበር። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና ልቤ ወደ አንጀት ያደላል፤ አድልዎው እዚህም ቢታይ አልክድም።

ነገር ግን በደንብ የጀመሩት መኪኖቹ ናቸው፣ ያውም ኮምፒውተር ሳይነኩ። አንድ የመንገድ ፎቶ እጅግ አሳንሰው እያንዳንዷን ነጥብ ጥቁር ከሆነች 0፣ ነጭ ከሆነች 255፣ በመካከል ከሆነች የመካከሉን ቁጥር እየሰጡ በካሬው ደብተር ላይ አሰፈሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር ከጎረቤቱ ላይ ቀነሱ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሁለቱም አስፋልት ናቸው፤ ከ40 ወደ 200 በድንገት ከዘለለ ነጩ መስመር ጋ ተደርሷል። ልዩነቱ የሰፋበትን ካሬ በቀይ እስክሪብቶ ሲያቀልሙ ከዚያ ሁሉ የቁጥር ክምር ውስጥ የመንገዱ ዳር ብቅ አለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «መምህር፣ ወጣ!» ብሎ የጮኸውን ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ሆነው ሰምተውታል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ካኒ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው የጠርዝ መፈለጊያ ዘዴ፣ ጣጣው ብዙ ቢሆንም፣ ሥሩ ይኸው መቀናነስ ነው። ልጆቹ ችግሩንም ያገኙት በዚያው ደብተር ላይ ነው፤ ጭቃ የለበሰ የአስፋልት ዳርና አጠገቡ ያለው ጭቃ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ አረፈ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ሲባል ደግሞ ነጩ መስመር ራሱ ጠፍቶ የሚገኝበት ቦታ ሞልቷል።

ጥር ላይ ከልጆቹ አንዱ ዮሎ የተባለውን፣ በፎቶ ውስጥ ያሉ ነገሮችን ለይቶ ሳጥን የሚሥልባቸውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ይዞ መጣ። ፋይሉ ከ200 ሜጋ ባይት በላይ ስለሆነ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። ፕሮግራሙ የሠለጠነው ኮኮ በሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የፎቶ ክምችት ነው፤ ለይቶ የሚያውቃቸው ነገሮች 80 ናቸው። ልጆቹ በቅዳሜ ገበያ ወደ ከተማ የሚገባውን መንገድ በስልክ ቀርጸው አቀረቡለት። ሰውን አወቀ። አውቶቡስን አወቀ። ባጃጁን አንዴ መኪና፣ አንዴ ሞተር ብስክሌት አለው። ጀርባዋ ባዶ የሆነችውን አህያ ፊት ለፊት ስትመጣ «ፈረስ»፣ ዞር ስትል «ላም» አላት። ጭድ የተጫነችውን ግን ምንም አላላትም። ሳጥን የለም፤ እሱ እንደሚያየው መንገዱ ባዶ ነው።

ዝርዝሩን አውጥተን አነበብነው። ከ80ው ውስጥ ዝሆን አለ፣ ድብ አለ፣ ቀጭኔ አለ፣ የሜዳ አህያ አለ። የቤቷ አህያ የለችም። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሾፌር በዕድሜው ስንት ቀጭኔ፣ ስንት አህያ እንዳጋጠመው ይጠየቅ! ዝርዝሩን ያዘጋጁትን ሰዎች ግን አልወቅሳቸውም፤ እነሱ ባሉበት አገር ፎቶ የሚነሣውን ነገር ሰበሰቡ። ታላላቆቹም ይሳሳታሉ። ቮልቮ በስዊድን ለትልልቅ አጋዘኖች ያበጀውን የእንስሳ መለያ እ.ኤ.አ. በ2017 አካባቢ አውስትራሊያ ወስዶ ሲሞክረው በካንጋሩ ግራ ተጋብቶበታል፤ መሣሪያው ርቀትን የሚገምተው እንስሳው መሬት ከረገጠበት ቦታ ተነሥቶ ሲሆን ካንጋሩ ግን ይዘላል።

ወደ አንጀቶቹ ልመለስ። የአሜባው ፖስተር ሊያልቅ ሲል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መድኃኒቱን ደጋግሞ ወስዶ ያልተሻለውስ?» ብላ ጠየቀች። ዘመድ አላት መሰለኝ፤ አልጠየቅኋትም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ አሜባ አይደለም። ሰውነት የገዛ አንጀቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያቆስልባቸው ሕመሞች አሉ፤ ትልቁን አንጀት ብቻ የሚይዘው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይባላል፣ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ በየትኛውም ቦታ ሊነሣ የሚችለው ደግሞ በ1932 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር በጻፈው ሐኪም ስም ክሮንስ። አይተላለፉም፣ እርግማንም አይደሉም፤ ለዓመታት ይቆያሉ፣ ተኝተው ይነሣሉ። የአንጀት ቲቢ ክሮንስን በጣም ስለሚመስል በአገራችን ለሐኪሙም መለየቱ ከባድ ነው።

ይህን ባስረዳሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ወሬውን ሰምተው መጡ። እኔንም አስተምረውኛል። ስማቸውን እንዳልጽፍ፣ ታሪካቸውን ግን እንዳላስቀር ነግረውኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ አልደበቅሁም፣ ግን አምስት ጊዜ የአሜባ መድኃኒት ሰጡኝ» ብለው ጀመሩ። በኋላ አዲስ አበባ ሄደው አንጀታቸው በካሜራ ታየ፤ ከእነዚያ ሕመሞች አንዱ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ 12 ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር፤ መቼ ጀመረዎት፣ የት የት ያምዎታል፣ ምን ምን መድኃኒት ወሰዱ። ሁሉንም መለሱ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አሁን ደግሞ ሳትጠይቁኝ የቀራችሁትን ልንገራችሁ» አሉ።

«ሐኪም ዘንድ ስቀርብ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣሉ እባላለሁ። ሦስት እላለሁ። ጥሩ ነው፣ እየተሻለዎት ነው ይሉኛል። ሦስቱም ግን ሲያጣድፈኝ ከተቀመጥሁበት እስከ በሩ የማያደርሱ ናቸው። ለምርመራ አዲስ አበባ ስሄድ ከዋዜማው ምሳ ጀምሮ እህል አልቀምስም። የምይዘው ወንበር በሩ አጠገብ ያለውን ነው። ደጀንን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ ከላይ ባዛልቱን፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩን፣ ከሥር የአሸዋ ድንጋዩን እያልሁ ዕድሜዬን ያስተማርሁት የዓባይ ሸለቆ ነው፤ አሁን አንዱንም አላየውም። የማየው ሾፌሩ ሊያቆምበት የሚችል ሰፋ ያለ ጥግ መኖሩን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ረዳቱን ለመንሁት። ‹አባባ፣ እዚህ አይቆምም፣ ገደል ነው› አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው፣ ገደል ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገሩንም።

ሌላም አጫወቱን። ቅዳሴ ከተገባ መውጣት ነውር ስለሆነ ደጀ ሰላሙ አካባቢ ቆመው ያስቀድሳሉ። ልቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጓሮውን ይቃኛሉ። የተሰጣቸው የአመጋገብ ወረቀት ስለ ፓስታና ስለ ወተት ብዙ ይላል፤ ስለ ሽሮና ስለ ፍስክና ጾም አንድ መስመር የለውም። ቁስለቱን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ሲወስዱ ፊታቸው አበጠ፣ እንቅልፍ ጠፋ፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ጡረታው ተስማማዎት፣ ወፈሩ!» አላቸው። ቀለል ሲላቸው ክኒኑን በገዛ እጃቸው አቁመው ወድቀዋል። (ይህን እንደ ባዮሎጂ መምህር ልጨምር፦ ይህ መድኃኒት ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን መሥራቱን ስለሚቀንስ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም።) ከሁሉ ያስከፋቸው ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ሕመሙም መድኃኒቱም አልነበረም። ድካሙ ነው። «ተኝቶ የማይለቅ ድካም አለ፤ ለሰው ብትነግረው ስንፍና ይመስለዋል።»

በሚቀጥለው ረቡዕ አንጀቶቹ ያቺን «በቀን ስንት ጊዜ» የምትል ጥያቄ ከየት እንደመጣች ፈለጉ። በ1955 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርዶቹ ሐኪሞች ትሩላቭና ዊትስ የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞንን በአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ላይ ሲሞክሩ የሕመሙን ክብደት የሚለኩበት መስፈርት አወጡ፤ የመውጣት ብዛት፣ ደም፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ የደም ማነስና የደም ዝቃጭ ፍጥነት። መስፈርቱ ጥሩ ነው፤ ነገ የሚሞተውን በሽተኛ ዛሬ ይለያል፣ ዛሬም ይሠራበታል። ማጣደፉ ግን የለበትም። ድካሙም የለበትም። ያቺው የ11ኛ ክፍል ልጅ ወደ መኪኖቹ ጠረጴዛ ዞር ብላ፣ «የእናንተ ዝርዝር አህያ የለውም፣ የእኛ ደግሞ አውቶቡስ የለውም» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ጀመሩ። እኔ ይህን ለማድረግ ሦስት ወር ለፍቼ አልሆነልኝም ነበር።

መጋቢት 1 ቀን እሑድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አውሮፕላናችን ተከሰከሰ፤ 157 ሰው። በዚያ ሳምንት ክበቡ አልተሰበሰበም። ሚያዝያ ላይ ስንገናኝ ልጆቹ ያወሩት ስለዚያ ብቻ ነበር፤ አፍንጫውን ወደታች የሚደፍቀው የአውሮፕላኑ ሥርዓት በግራና በቀኝ ካሉት ሁለት መለኪያዎች የአንዱን ብቻ አምኖ ይሠራ እንደነበር፣ ያ አንዱ ደግሞ እንደተሳሳተ። ዮሎ ጭድ የተጫነችውን አህያ ሲያልፋት «አላውቅም» አላለም፤ ዝም ነው ያለው። ከሐዘኑ ጋር ይህን ለማያያዝ አልደፈርሁም ነበር፤ ያያያዙት ልጆቹ ናቸው።

መኪኖቹ አህያዋን ለማስተማር ቆረጡ። ከ400 በላይ ፎቶ በየገበያው መንገድ አነሡ፤ በእያንዳንዱ ላይ በእጃቸው ሳጥን ሣሉ። ትንሿን የዮሎ ዓይነት በዚያች ላፕቶፕ ማሠልጠን ስንት ሌሊት እንደፈጀ አትጠይቁኝ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ይጠፋል፣ ጥበቃው ደግሞ መብራቱ ሲመጣ መልሶ የሚያበራበትን ቁልፍ ለምዶት ነበር። በግንቦት የወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ ፎቶ ታየ፣ አህያዋ ላይ ሳጥን ተሣለ፣ ከላይዋ «አህያ» ተጻፈ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ሳጥኑ እሳቸው ላይ ዐረፈ። «አህያ» ይላል።

አዳራሹ ሳቀ። ፎቶውን ያነሣው ልጅ ግን አልሳቀም፤ የገጠር ልጅ ነው፣ እናቱም እዚያው አዳራሽ ነበሩ። ላፕቶፑን ከደነው። እኔም መድረክ ላይ ወጥቼ ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ጥሩ ነገር አልነበረም፣ ያሳቀውን ሁሉ ተቆጣሁ እንጂ። ሰኞ ዕለት ልጁ ምክንያቱን ራሱ አግኝቶ መጣ። ከ400ው ፎቶ ውስጥ አብዛኛው የተጫነች አህያ ነበር፣ ያውም ከኋላ የተነሣ። ማሽኑ የተማረው አህያን ሳይሆን ሸክምን ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም አይቼ አላውቅም። በሰኔ ያልተጫኑ አህዮችን፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን፣ ጆንያ የያዙ ወንዶችን ጨመሩ፤ ስሕተቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።

አንጀቶቹ ፖስተሩን ትተው ደብዳቤ ጻፉ፣ ለዳይሬክተሩ። የመምህራኑ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ በዩኒት ሊደሩ ኪስ ውስጥ ነበር የሚውለው፤ የተማሪዎቹ ሁለቱ በሮች ደግሞ ከዕረፍት ሰዓት ውጪ ይቆለፋሉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ቁልፉ ማንም ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ እንዲሰቀል፣ ያጣደፈው ተማሪ በክፍሉ ፊት ምክንያት ሳይናገር እንዲወጣ። በሁለተኛው ላይ መምህራን ተከራከርን። እኔም ተማሪ መውጫ ያበጃል ባይ ነበርሁ፤ አሁንም ጥቂቶች ያበጃሉ። ለአንድ ወር በሙከራ ተፈቀደ፣ ወሩ አልፎም ማንም አልሻረውም።

ቁልፉ በመምህራን ማረፊያ በር አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ተገኝቷል። ኪስ ውስጥ እንዳይገባ መኪኖቹ ከባሕር ዛፍ ፍልጥ የክንድ ግማሽ የምታህል አህያ ጠርበው አሥረውበታል፤ አንደኛው ጆሮዋ እስካሁን ተሰብሯል።